የወጣቶች የሥራ ዕድልና የዓመት ዕረፍት ክፍያ በምሥራቅ አፍሪካ፦ ሕጉና ሥራው የት ይገናኛሉ?

በኢትዮጵያ ሕግ አንድ ዓመት ያገለገለ የድርጅት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይጓደል 16 የሥራ ቀናት ያርፋል። በኬንያ 21 የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። ኡጋንዳ በየአራት ወሩ ሰባት ቀን፣ በዓመት 21 ቀን ትፈቅዳለች። ታንዛኒያ 28 ተከታታይ ቀናት፣ ሩዋንዳ ደግሞ 18 የሥራ ቀናት ደንግገዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀጣናው አገራት አንዳቸውም ሠራተኛን ያለ ዕረፍት አልተዉም።

እነዚሁ መንግሥታት ላለፉት ሃያ ዓመታት ሥራ አጥ ወጣቶችን ለመቅጠር፣ ለማደራጀትና ለማበደር በርካታ መርሐ ግብሮችን ዘርግተዋል። ከእነዚህ መርሐ ግብሮች የተገኘው ሥራ ግን በአብዛኛው የዓመት ፈቃድ አንቀጾች የማይደርሱበት ነው። በቡድን ብድር የተከፈተ ሱቅ፣ በቀን የሚከፈልበት የጽዳት ሥራ ወይም ከዓመት በፊት የሚለቀቅ የፋብሪካ ወንበር ሊሆን ይችላል። የፈቃድ ሕጉ የተጻፈው አንድ ሰው ለአንድ አሠሪ ለረጅም ጊዜ ይሠራል በሚል እሳቤ ነው፤ ወጣቶቹ የሚያገኙት ሥራ ደግሞ አሠሪ የሌለው ወይም አሠሪው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ዓዋጆች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌሎቹ ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ቀርበዋል።)

ቀኖቹ እንዴት ይቆጠራሉ?

የአገራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ያሳስታል። የታንዛኒያ 28 ቀን ተከታታይ የቀን መቁጠሪያ ቀናት በመሆኑ ቅዳሜና እሑድን፣ በመሐል የሚውሉ የሕዝብ በዓላትን ጭምር ያካትታል፤ ስለዚህ ልክ አራት ሳምንት ነው። የኬንያ 21 ቀን የሥራ ቀን ስለሆነ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ከአራት ሳምንት ይበልጣል፣ ስድስት ቀን ለሚሠራ ግን ሦስት ሳምንት ተኩል ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1970 ያወጣው ከደመወዝ ጋር ስለሚሰጥ ዕረፍት የሚደነግገው 132ኛው ስምምነት ዝቅተኛውን መጠን ሦስት የሥራ ሳምንት አድርጎታል። ኬንያና ሩዋንዳ ስምምነቱን አጽድቀዋል፤ ኢትዮጵያ አላጸደቀችም። በኢትዮጵያ መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ስለሚደርስ ብዙ ፋብሪካዎች በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ሦስት የሥራ ሳምንት ማለት 18 ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 ቀን ከዚህ በሁለት ቀን ያንሳል።

የ2011 ዓዋጅ የጨመረውና የቀነሰው

በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዓዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ዓዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀናት ይሰጥና ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አዲሱ መነሻውን ወደ 16 ቀን ከፍ ሲያደርግ ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አድርጎታል።

የለውጡ ትርጉም ግልጽ የሚሆነው ስሌቱ ሲሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አዲሱ ሕግ ይሻላል። በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ግን የቀድሞው ይበልጥ ነበር፤ አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በአሮጌው ስሌት 23 ቀን ሲያገኝ በአዲሱ 20 ቀን ያገኛል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ለአዲስ ገቢው ወጣት ቸር ሆኖ ለነባሩ ሠራተኛ እጁን ሰብስቧል። የኅብረት ስምምነት ያላቸው ድርጅቶች ከዚህ የበለጠ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሕጉ የሚከለክለው ከወለሉ በታች መውረድን ነው።

ሠራተኛው በማናቸውም መንገድ የዓመት ፈቃዱን ለመተው ቢስማማ ስምምነቱ ፈራሽ ነው። ዓዋጁ ከፈቀዳቸው ሁኔታዎች በስተቀር በዕረፍት ፋንታ ገንዘብ መክፈልም ክልክል ነው። ምክንያቱ ለመገመት አያዳግትም፦ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው ዕረፍቱን ለመሸጥ ሁልጊዜም ዝግጁ ነው። አሠሪው ፈቃዱን ቢያራዝም ከሁለት ዓመት በላይ ማቆየት አይችልም። ሠራተኛውን ከዕረፍት መሐል መጥራት የሚፈቀደው ያልታሰበ ሁኔታ ገጥሞ በሥራው ላይ መገኘቱ የግድ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የመጓጓዣና የውሎ አበል ወጪው በአሠሪው ይሸፈናል።

ብዙ ወጣት ሠራተኞች ልብ የማይሉት የአንቀጽ 77 ሌላ ክፍል አለ። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ ተሰልቶ ይከፈላል። አገልግሎቱ አንድ ዓመት ያልሞላ ሠራተኛም ከሠራበት ጊዜ ጋር የሚመጣጠን ፈቃድ ይገባዋል። ስለዚህ በሰባተኛው ወር የለቀቀች ሠራተኛ «ዓመት አልሞላሽም» ተብላ ባዶ እጇን ብትሸኝ የተነገራት ነገር በሕጉ ውስጥ የለም።

በዓሉን ማን ይከፍላል?

ፋሲካ፣ ገና፣ መስቀል ወይም ዒድ ሲውል በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ ስላልሠራ ከደመወዙ ምንም አይቀነስበትም። በበዓሉ ቀን ከሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል፤ ሥራው የትርፍ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል።

በወር የማይከፈለው ሠራተኛስ? ዓዋጁ ይህን ለሥራ ውሉ ወይም ለኅብረት ስምምነቱ ትቶታል። በግንባታ ቦታ ላይ በቀን ሒሳብ የሚሠራው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ውል የለውም፤ የኅብረት ስምምነት የሚፈርምለት ማኅበርም የለውም። በዓሉ ለእርሱ ምንዳ የማይገኝበት፣ ወጪ ግን የሚበዛበት ቀን ነው። ስለ ዕረፍት ክፍያ ሲነሳ ትኩረቱ ሁሉ በዓመት ፈቃዱ ላይ ቢሆንም ለቀን ሠራተኛው ይህች አጭር ንዑስ አንቀጽ ትከብደዋለች።

ከተቃውሞው በኋላ የመጣው ፈንድ

በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ፣ በኋላም በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ተቃውሞ መነሻው ፖለቲካዊና የመሬት ጥያቄ ቢሆንም አደባባይ የወጣው በአብዛኛው ወጣት ነበር፤ ሥራ አጥነትም ከብሶቶቹ አንዱ ነበር። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዓዋጅ ካወጀ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በዓዋጅ ቁጥር 995/2009 የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድን አቋቋመ። የተመደበለት 10 ቢሊዮን ብር ነበር። ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ ወጣቶች ተደራጅተው በየክልሉ ባሉ የብድርና ቁጠባ ተቋማት አማካይነት እንዲበደሩ ተደረገ።

ይህ አዲስ አስተሳሰብ አልነበረም። ከዚያ በፊት ከተሞች በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት መርሐ ግብር ወጣቶችን በማኅበር ሲያደራጁ ቆይተዋል፤ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ሥራም ከሁሉ ይልቅ በዓይን የሚታየው ውጤቱ ነው። በበርካታ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የተነጠፈውን ድንጋይ የጠረቡት እነዚህ ወጣቶች ናቸው።

በማኅበር የተደራጀ ወጣት በሕግ ዓይን ተቀጣሪ አይደለም። የሥራው ባለቤት ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው። ዓዋጅ 1156/2011 በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ አድርጎታል። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቀው አሠሪ የለም። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ታቅፈው አካባቢ የሚያጸዱና ችግኝ የሚተክሉ ዜጎች ደግሞ በመርሐ ግብሩ ሰነዶች የሚጠሩት «ተጠቃሚ» እየተባሉ ነው። በሪፖርት ላይ ሁሉም «የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው» በሚለው አንድ ቁጥር ውስጥ ይደመራሉ፤ የፋብሪካ ቋሚ ተቀጣሪውም፣ ተበዳሪውም፣ ለጥቂት ወራት ጠራጊ የሆነውም።

የፋብሪካው ተዘዋዋሪ በር

የሥራ አጥነቱን ክልላዊ ገጽታ ለመቅረፍ የኢትዮጵያ መንግሥት የመረጠው ዋና መንገድ የኢንዱስትሪ ፓርኮችን ከአዲስ አበባ ውጪ መገንባት ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60 ሺህ ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ ታቅዶ ተከፈተ። ኮምቦልቻ፣ መቀለ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ደብረ ብርሃንም የየራሳቸውን አገኙ። እዚህ አሠሪም ውልም አለ፤ የዓመት ፈቃዱ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ይሠራል።

ችግሩ ሠራተኛው የማይቆይ መሆኑ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ወጣቶችን በዕጣ ለይተው ተከታተሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሥራውን ካገኙት መካከል አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። በ2018 የታተመው ይኸው ጥናት የፋብሪካ ሥራው ገቢያቸውን እንዳላሳደገና ለጤና ጠንቅ መጋለጣቸውን እንዳበዛው አሳይቷል። በአንጻሩ ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በሦስተኛ ያህል አድጎ ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት ግን የሁሉም ኑሮ ተመሳስሎ ተገኘ።

ይህ ቁጥር ለዓመት ፈቃድ ያለው ትርጉም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ከአራት ሠራተኞች ሦስቱ ዓመት የማይሞሉ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከሆነ፣ ሙሉውን 16 ቀን የሚያርፈው ጥቂት ሰው ነው። ለቀሪው መብቱ የሚታየው በስንብት ሒሳብ ላይ ብቻ ነው። ይህም ሒሳብ ትንሽ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በዓለም የዘርፉ ዝቅተኛ ክፍያ መሆኑን ገልጸዋል። ከገጠር መጥታ በሐዋሳ ቤት ተከራይታ ለምትኖር ወጣት ዕረፍቱ ወደ ቤተሰብ ለመመለስ የትራንስፖርት ዋጋ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

በኅዳር 2021 ከፓርኩ ዋና ዋና ደንበኞች አንዱ የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ምርቱን ለአንድ ገበያ ያሰናዳ ፋብሪካ ሲዘጋ ሥራው ከነመብቱ አብሮ ይጠፋል።

ኬንያ፦ የቀን ሠራተኛው ተቀጣሪ የሚሆንበት ቀን

የኬንያው የ2007 የቅጥር ሕግ ከኢትዮጵያው የሚለይበት አንድ ብልሃት አለ። በቀን የሚከፈለው ሠራተኛ ያለማቋረጥ የሠራባቸው ቀናት ተደምረው አንድ ወር ከሞሉ ውሉ ወደ ወርኃዊ ቅጥር ይቀየራል። ከሁለት ወር በላይ ከቀጠለ መጀመሪያም የቀን ሠራተኛ እንዳልነበረ ተቆጥሮ መብቶቹ ይከበሩለታል። ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ሠርቶ ቢሰናበት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ቀን ከሦስት ሩብ የፈቃድ ሒሳብ ይከፈለዋል። ዓመት መጠበቅ የለበትም።

ሕጉ ይህን ያህል ጥንቁቅ ቢሆንም የመንግሥት የሥራ ፈጠራ ዘመቻዎች በዙሪያው ያልፋሉ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የተጀመረው ካዚ ምታኒ በናይሮቢና በሌሎች ከተሞች ደሳሳ ሰፈሮች የሚኖሩ ወጣቶችን ቦይ በመጥረግና ቆሻሻ በማንሳት አሰማራ። በሁለተኛው ምዕራፍ የቀን ክፍያው 455 ሺሊንግ ነበር፤ ወጣቶቹም የሚሠሩት በፈረቃ እየተቀያየሩ ነበር። ፈረቃው ገንዘቡ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ያደርጋል። በዚያው ልክ አንድ ሰው ያለማቋረጥ አንድ ወር እንዳይሞላ ያደርጋል፤ የዕለት ጉርስን ለብዙዎች ማካፈልና ተቀጣሪነትን መከላከል በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ውጪ ኬንያ የተጓዘችው በብድር መንገድ ነው። በ2006 የወጣቶች የንግድ ልማት ፈንድ፣ በ2013 የኡዌዞ ፈንድ፣ በኅዳር 2022 ደግሞ በስልክ ከ500 ሺሊንግ ጀምሮ የሚያበድረው የሐስለር ፈንድ ተከታትለው መጡ። ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶው ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች እንዲሆንም ተወስኗል። እነዚህ ሁሉ ቢኖሩም በሰኔ 2024 የግብር ረቂቁን ተቃውመው አደባባይ የወጡት ወጣቶች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ሥራ ነበር።

ለተጎዱ አካባቢዎች ኬንያ ያላት መሣሪያ በ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 204 የተቋቋመው የማመጣጠኛ ፈንድ ነው። ከአገሪቱ ገቢ ግማሽ በመቶው በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ውኃ፣ መንገድ፣ ጤና ተቋምና መብራት እንዲውል ያዛል። ገንዘቡ በወቅቱ አለመለቀቁ በፓርላማ ተደጋግሞ ተነስቷል።

ከሰሜን ኡጋንዳ የተገኘው ትምህርት

በኤልአርኤ አማጺያን ጦርነት ለሁለት አሥርት ዓመታት በተጎዳው ሰሜን ኡጋንዳ መንግሥት በወጣቶች ዕድል መርሐ ግብር ለተደራጁ ቡድኖች የሙያ ሥልጠናና መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ሰጠ፤ ለአንድ አባል ሲካፈል 382 ዶላር ያህል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የተቀባዮቹ ገቢ ካልተቀበሉት በ38 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዘጠነኛው ዓመት ግን ያልተቀበሉት ደርሰውባቸው ነበር። የቀረው ልዩነት በሙያና በንብረት ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ሰውን ወደፊት ያስፈነጥረዋል፤ ሲታመም፣ ስትወልድ ወይም ሲደክመው የሚያርፍበትን ደመወዝ ግን አይተካም። ኡጋንዳ በ2013/14 የበጀት ዓመት በ265 ቢሊዮን ሺሊንግ የጀመረችው የወጣቶች መተዳደሪያ መርሐ ግብር ደግሞ ስጦታውን ወደ ተመላሽ ብድር ለወጠው። ታንዛኒያ የወረዳ ምክር ቤቶች ከራሳቸው ገቢ 10 በመቶውን ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች ያለ ወለድ እንዲያበድሩ በሕግ አስገድዳለች፤ የኦዲት ጉድለት ተገኝቶ በ2023 ታግዶ በቀጣዩ ዓመት ቀጠለ።

የቤት ሠራተኛዋ፦ አገር ቤትና ባሕር ማዶ

ከሁሉም የጎላው ክፍተት የሚታየው በቤት ሠራተኞች ላይ ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ዓዋጅ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥርን አይመለከትም፤ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ብቻ ይናገራል። ከዚያ ውጪ የሚጠቀሱት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

መንግሥት የውጭ አገር ሥራ ስምሪትንም ለሥራ አጥነት ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱ አድርጎ ይዞታል፤ በ2013 የተጣለው እገዳ በ2018 ከተነሳ ወዲህ ወጣት ሴቶች በሕጋዊ መንገድ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ይላካሉ። የኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት 30 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። የኳታር የ2017 ሕግ ሦስት ሳምንት፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የ2022 ሕግ ደግሞ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጣሉ። በእነዚህ አገራት ፓስፖርት መቀማት፣ የሳምንት ዕረፍት መከልከልና ደመወዝ ማስቀረት በመብት ተሟጋቾች ሪፖርት በብዛት የተመዘገበ በመሆኑ ጽሑፉና ኑሮው ይራራቃሉ። ቢሆንም ኢትዮጵያዊቷ በኩዌት ሲቲ በቤት ሠራተኝነቷ የምትጠቅሰው የዓመት ፈቃድ ቁጥር አላት፤ በአዲስ አበባ ያንኑ ሥራ ስትሠራ በሠራተኛ ሕጉ ውስጥ የላትም። በኬንያ የቅጥር ሕጉ የቤት ሠራተኛዋንም ስለሚያካትት 21ዱ ቀን ለእርሷም ነው።

ጥያቄው የሚቀርብበት ጊዜ

በኢትዮጵያ የጽሑፍ ውል ያልተሰጠው ሠራተኛ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ይህ አለመደረጉ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። የእያንዳንዱን ሠራተኛ የፈቃድ መዝገብ የመያዝ ግዴታም የአሠሪው ነው።

የሚያስቸግረው የይርጋው እጥረት ነው። በኬንያ ከቅጥር የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በሦስት ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። በኢትዮጵያ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ይታገዳል። በሐምሌ መጀመሪያ ከፋብሪካ የወጣች ወጣት የቀሪ ፈቃዷን ሒሳብ ታኅሣሥ ሳያልቅ መጠየቅ ይኖርባታል።